ለሁለት የተቆረጠችው ቀለሃ፦ የአንድ ኤም ዋን ጠመንጃ ጉዳይ

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ቦታው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከከተማ ወጣ ያለ የተኩስ ሜዳ ነው። ጋሼ ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው 100 ያርድ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ይመታሉ። የያዙት ኤም ዋን በአንዴ 8 ጥይት ይይዛል። 5ኛዋን ሲተኩሱ ድምፁ እንደ ሌሎቹ ነበር። መዝጊያው ግን ወደ ኋላ ሄዶ ሲመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ጋሼ እጃቸውን ወደ እጀታው ሰደዱ።

«ጋሼ፣ ይቆዩ! እንዳይነኩት!»

«ምን ሆነሃል ልጄ? ነክሶ ይዞ ነው እንጂ...»

አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ጠመንጃውን ተቀበልኳቸው። የቀሩትን ጥይቶች አወጣሁ። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ የወደቁትን ቀለሃዎች ለቀምኩ። 4ቱ ሙሉ ናቸው። 5ኛዋ አንድ ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላት ጉራጅ ናት። ዳር ዳሯ እንደ ተሰበረ ፍንጃል ስለት አውጥቶ ያበራል። የቀረው 5 ሳንቲ ሜትር አካሏ ጠመንጃው ውስጥ ተሰንቅሯል። ቀጥላ የመጣችው ጥይት እሱ ላይ ገብታ ነው መንገዱ የተዘጋው።

ጋሼ ጉራጇን በመዳፋቸው ይዘው ዝም አሉ። መነጽር አድርገው ነበር፤ ፊታቸው ላይ ከትንሽ ጥላሸት በቀር ምንም የለም። «ይሄ ጠመንጃ አረጀ ማለት ነው?» አሉኝ በመጨረሻ። ድምፃቸው ስለ ታመመ ዘመድ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

ጠመንጃው አላረጀም። ግን ያን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ጋሼ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሜሪካ ከገቡ 30 ዓመት አልፏቸዋል። አባታቸው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። ቃኘው እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመደበ፤ የተዋጋውም በአሜሪካ መሣሪያ ነው። የእግረኛው ዋና ጠመንጃ ኤም ዋን ነበር። ሻለቃው ስሙን የወረሰው ከራስ መኮንን ፈረስ ነው። ጋሼ ይህቺን ሳይናገሩ ጠመንጃውን ለማንም አያሳዩም። ሳሎናቸው ውስጥ አባታቸው ያንኑ ዓይነት ጠመንጃ ይዘው የተነሱት ፎቶ አለ። ልጅየው ዜግነት ካገኙ በኋላ አንድ ቢያምራቸው አይፈረድባቸውም።

መንገዱም አለ። ሲቪሊያን ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የአሜሪካ ጦር ያስቀመጣቸውን፣ ግሪክና ዴንማርክን ለመሰሉ ወዳጅ አገሮች ተሰጥተው የተመለሱትንም ኤም ዋኖች ለዜጎች ይሸጣል። ዜግነትህን፣ ከድርጅቱ ጋር የተያያዘ የተኩስ ክለብ አባልነትህንና ሌሎች ወረቀቶችን ታቀርባለህ። የማንነት ማጣሪያው ሲያልቅ ጠመንጃው ይመጣልሃል። ጋሼ ከጠመንጃው ጋር የግሪክ ጥይት በብዛት ገዙ። ቀለሃው ግርጌ ላይ ኤች፣ ኤክስ፣ ፒ የሚሉ የላቲን ፊደላት ተመትተውበታል። ናሱ ጥሩ ነው፤ የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም ይፈልጉታል።

ስለ ጠመንጃው ትንሽ ልበል፣ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። የነደፈው ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ጆን ጋራንድ ነው። የመንግሥት ደመወዝተኛ ስለነበር ከሚሊዮኖቹ ጠመንጃዎች ኮሚሽን አልበላም። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1936 ተቀበለው። ባዶውን 4.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ ቃታውን በሳብክ ቁጥር አንድ ይተኩሳል፣ ቀለሃውን ራሱ ይተፋል፣ ቀጣዩን ራሱ ይጎርሳል። እንደ ክላሽ የሚነቀል ካርታ የለውም። 8ቱ ጥይቶች ክሊፕ በሚባል የብረት ማቀፊያ ታቅፈው ከላይ ይገባሉ። የመጨረሻዋ ስትተኮስ ክሊፑ «ቲንግ!» ብሎ ይወረወራል። ስታጎርሰው አውራ ጣትህን ቶሎ ካላነሳህ ደግሞ መዝጊያው ይቀጠቅጥሃል። ጋሼ የመጀመሪያውን ወር በጠቆረ ጥፍር ነው ያሳለፉት።

ይህ ጠመንጃ ሁሉን ጥይት አይወድም። ባሩዱ ሲቃጠል ከሚወጣው ጋዝ ጥቂቱ አፈሙዙ አጠገብ ባለች ቀዳዳ ይገባና መዝጊያውን ወደ ኋላ የሚነዳውን ረጅም ዘንግ ይገፋል። ባሩዱ ቀስ ብሎ የሚቃጠል ከሆነ ጥይቱ እዚያ ሲደርስ ግፊቱ ገና ብዙ ነው። ዘንጉ ሊጎብጥ ይችላል። ለአደን ተብለው የሚሸጡ ከባድ ጥይቶች ብዙዎቹ ለዚህ አይሆኑም። የሚስማማው ደግሞ ሱቅ ውስጥ አንዱ ጥይት ብዙ ጊዜ ከ1 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ ኤም ዋን ያለው ሰው ውሎ አድሮ ጥይቱን ራሱ ወደ መሙላት ይገባል። ለራስህ እስከሆነ ድረስ የፌደራል ሕጉ ፈቃድ አይጠይቅህም። እየሞላህ መነገድ ሲመጣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የተተኮሰ ጥይት አይመለስም፤ ቀለሃው ግን ይመለሳል። የግሪኩ ጥይት ሲያልቅ ጋሼ ምድር ቤታቸው ውስጥ ፕሬስ፣ ማለትም ባዶ ቀለሃ እየተጫነ እንደገና ጥይት የሚሆንበት መሣሪያ፣ ተከሉ። ቀለሃ ማጽጃ ከበሮም ገዙ። በደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፍርፋሪ ተሞልቶ ቀኑን ሙሉ ይንጓጓል። እትዬ ከላይ ሆነው «ያንን ወፍጮ አጥፋው!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በድምፁ ብቻ ሳይሆን በአቧራው። ፕራይመር የምንላት፣ በጠመንጃው መርፌ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሽ ቆብ፣ አብዛኛውን ጊዜ የእርሳስ ውሕድ አለባት። አቧራው ያንን ይዞ ይወጣል። አሁን ከበሮው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ጋሼም እጃቸውን ሳይታጠቡ ቡና አይቀርብላቸውም።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ።

ቤት ስንደርስ መጀመሪያ የተሰነቀረውን አወጣን። ለዚህ የተሠራች መሣሪያ አለችኝ። ጥይት ትመስላለች። ጥይት የሚጎርስበት ክፍል ውስጥ ትገባና (ከዚህ በኋላ ጉሮሮ እለዋለሁ) በተቆረጠው ቀለሃ ውስጥ አልፋ ከፊቱ ትይዘዋለች። መዝጊያውን ቀስ ብዬ ለቀቅኩት። ከዚያ እጀታውን ወደ ኋላ ሳብኩ። «ጥርቅ» አለና ያ 5 ሳንቲ ሜትር ናስ፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት ሆኖ፣ እንደ ዋሽንት ወጣ። ጉራጇ ላይ ገጠምነው። ልክክ አለ።

ጋሼ የመጀመሪያ ጥርጣሬያቸው ባሩድ ነበር። «ምናልባት አብዝቼ ጨምሬ ይሆን?» መዝገባቸውን አየን። ከታተመ መመሪያ ላይ የወሰዱት፣ ከላይኛው ገደብ በደንብ ዝቅ ያለ መጠን ነው። ከዚያው ዙር ያልተተኮሱ 10 ጥይቶችን ፈታን፣ ባሩዱን መዘንን። ሁሉም ልክ ነው። የተተኮሱት ፕራይመሮችም ጠርዛቸው ክብ እንደሆነ ቀርቷል። ግፊት ከልኩ ቢያልፍ ተጨፍልቀው ብታያቸው አይገርምም። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከሚዛኑ ጋር ሲደመር ግን ባሩዱን ነጻ አወጣነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጠመንጃው ራሱ ነው። መዝጊያው ሲዘጋ ጉሮሮው ከልክ በላይ ረዝሞ ከሆነ ቀለሃ ይቆርጣል። ለዚህ መለኪያ ብረቶች አሉ፤ አጭሩ ላይ መዝጋት አለበት፣ ረጅሙ ላይ መዝጋት የለበትም። ጠመንጃ የሚጠግን ሰው ዘንድ ወሰድነው። መዝጊያውን ፈታትቶ መለኪያዎቹን አንድ በአንድ አስገባ። በአጭሩ ተዘጋ። በረጅሙ እምቢ አለ። ጋሼ የያዙትን ትንፋሽ ሲለቁ ሰማሁ።

ቀረ ቀለሃው። እኔ በልቤ ከመጀመሪያው እሱን ነበር የጠረጠርኩት፣ ግን ሽማግሌ ፊት «ጥፋቱ የእርስዎ ነው» ብሎ መጀመር አይቻልም።

አንድ ቀጭን ሽቦ ወሰድኩ። ጫፉን ሹል አድርጌ ወደ ጎን አጠፍኩት። በቀለሃው አፍ አስገብቶ ከታች ወደ ላይ፣ የውስጥ ግድግዳውን እየዳሰሱ ማውጣት ነው። ደህና ቀለሃ ከሆነ ሽቦው ይንሸራተታል። ግርጌው አካባቢ ግድግዳው ከሳስቶ ከሆነ ቦይ ይሠራል፤ ሽቦው እዚያ ጋ «ቅጭ» ብሎ ይያዛል። ለጋሼ ሰጠኋቸው። የመጀመሪያዋን ዳሰሱ፤ ምንም። ሁለተኛዋን ዳሰሱ። ጣታቸው ቆመ።

«አለ» አሉ።

ጣሳው ውስጥ 160 ቀለሃ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ ሽቦው ተያዘ። አንዷን በብረት መጋዝ ቁመቷን ሰነጠቅናት። ውስጧ ያለው ቦይ በዓይን ይታያል። ከውጭ ሲታይ ደግሞ፣ እዚያው ቦታ ላይ ዙሪያዋን የከበባት የነጣ ቀጭን ቀለበት አለ። ጋሼ ያንን ቀለበት ከዚህ በፊት አይተውታል። «ማጽጃው ያመጣው መስሎኝ» አሉ።

ናሱ ለምን ሳሳ? ጥይት ሲተኮስ ቀለሃው ይነፋና ከጉሮሮው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። የፊተኛው ቀጭኑ ግድግዳ ቀድሞ ይጣበቃል። ግርጌው ወፍራም ስለሆነ አይነፋም። ቀለሃው ከጉሮሮው አጠር ያለ ከሆነ ከኋላው ክፍተት አለ፤ ግፊቱ ግርጌውን ወደ መዝጊያው ይገፋዋል። ፊቱ ተይዟል፣ ኋላው ይሄዳል። መሐሉ ይሳባል። ያ መሐል ነው ቀለበቱ። ከዚያ ቀለሃውን ዳይ በሚባለው ቅርጽ መመለሻ ውስጥ አስገብተህ ትከሻውን፣ ወደ አፉ መጥበብ የሚጀምርበትን ቦታ፣ ወደ ኋላ ትገፋዋለህ፣ እንደገና ያጥራል። ስትተኩሰው እንደገና ይሳባል። በየዙሩ ትንሽ ትንሽ።

አንድ ምልክት ደግሞ ነበር፣ ሁለታችንም ያለፍነው። ጋሼ ከየተኩሱ በኋላ የቀለሃውን አፍ ብዙ ይከረክሙ ነበር። የዚህ ቀለሃ ከፍተኛ ቁመት 63.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካለፈ ይቆረጣል። አንድ ቀን «ይሄ ናስ እንደ ጥፍር ያድጋል እንዴ?» ብለው ቀልደውብኝ ስቄያለሁ። ናስ አያድግም። ከአፉ የቆረጡት ሁሉ ከታች የመጣ ነው። ከግርጌው ግድግዳ እየተሳበ ወደ ላይ ይሄዳል፣ እሳቸው ደግሞ ከላይ ቆርጠው ይጥሉታል። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ።

ፕሬሱን አየነው። ዳዩ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ፣ ከዚያም ሩብ ዙር ተጨምሮበታል። የተተኮሰ ቀለሃና በዳዩ ያለፈ ቀለሃ ትከሻቸው የት እንዳለ በመለኪያ አነጻጸርን። ልዩነቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ሆነ። ኢምንት ይመስላል። ለከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የሚበቃው ግን 0.1 ገደማ ነው። ጋሼ በየዙሩ ከሚያስፈልገው 3 እጥፍ እየገፉት ነበር።

«ለምን ይህን ያህል አጠበቁት?» አልኳቸው።

መልሳቸው ነው ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝ። «ፈርቼ» አሉኝ።

የፈሩት ነገር የሌለ ነገር አይደለም። የኤም ዋን መርፌ በስፕሪንግ አልተያዘም። መዝጊያው ፊት ውስጥ ልቅ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። መዝጊያው በጉልበት ሲዘጋ መርፌው በራሱ ፍጥነት ወደ ፊት ይሄድና ፕራይመሩን ነካ ያደርገዋል። አጉርሰህ ሳትተኩስ ብታወጣት ፕራይመሯ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ታያለህ። ፕራይመሩ ከቦታው ወጣ ብሎ ከተቀመጠ ወይም በጣም ስስ ከሆነ፣ ቃታ ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል። መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ሳይቆለፍ ይህ ከሆነ ደግሞ ጠመንጃውንም ሰውየውንም ይጎዳል። ቀለሃው ረዝሞ መዝጊያው ሳይቆለፍ መቅረቱ አደጋውን ያብሰዋል። ጋሼ ይህን አነበቡ። እንቅልፍ ነሳቸው። መፍትሔ ያሉት ቀለሃውን በደንብ ማሳጠር ነው። «በደንብ» የሚለው ቃል ግን ቁጥር አልነበረውም። ከአንዱ አደጋ ሲሸሹ ሌላው ላይ ወደቁ።

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። እሳቸው «መጀመሪያውኑ ባላነበብኩ» ይላሉ። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ያነበቡት ልክ ነው፣ ያጡት መለኪያ ነው። ለፕራይመሩ ፍርሃት መድኃኒቱ ፕራይመሩ ራሱ ዘንድ ነው፤ ጠንከር ያለውን፣ ለወታደራዊ ጠመንጃ ተብሎ የተሠራውን መግዛት፣ ከቀለሃው ግርጌ ትንሽ ጠልቆ መቀመጡን እያንዳንዱን በጣት እየዳሰሱ ማረጋገጥ። የትከሻው ጉዳይ ደግሞ በመለኪያ ያልቃል። የዚያ መለኪያ ዋጋ ከሁለት ፓኮ ጥይት አይበልጥም ነበር።

ሌላም ጥፋት አለ፣ ይሄኛው ተራ ነው። ሁሉም ቀለሃ አንድ የቡና ጣሳ ውስጥ ነበር። አንዴ የተተኮሰውና 5 ጊዜ የተተኮሰው ተደባልቋል። የተቆረጠችው በስንተኛ ተኩሷ እንደሆነ ዛሬም አናውቅም። ጋሼ «በ5ኛው ይሆናል» ይላሉ። እኔ 6 እላለሁ። የሚፈርድልን የለም።

160ውንም ጣልናቸው፤ ሽቦው ያልተያዘባቸውንም ጭምር። ጋሼ ተከራከሩኝ። «ደህናዎቹንማ!» ናሱ ውድ ነው፤ አዲስ ጥይት ለመሙላት ከምትገዛው ሁሉ የሚያስወጣህ ቀለሃው ነው። ግን ሽቦ የሚዳስሰው ጣት ነው፣ ጣት ይሳሳታል። እትዬ ከደረጃው ላይ ሆነው ሲሰሙን ቆይተው «ለእንጦጦ ሴቶች ብትልኩላቸው ጌጥ ያደርጉት ነበር» አሉ። እውነት ነው፣ እንጦጦ ላይ ቀለሃ አቅልጠው ዶቃና የአንገት ጌጥ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ጋሼ ለአፍታ አሰቡበት። የፖስታው ዋጋ ግን አስደነገጣቸው።

አዲስ ናስ ተገዛ። ዳዩን ወደ ላይ መልሰን፣ ትንሽ ትንሽ ዝቅ እያደረግን፣ በየጊዜው እየለካን 0.1 ላይ አቆምነው። ከሞላናቸው መጀመሪያ 2 ብቻ ክሊፕ ውስጥ ከትተን ተኮስን። መዝጊያው ያለ ችግር ዘጋ። ቀለሃዎቹ ወደ ቀኝ ፊት ለፊት፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ወደቁ። ቤት ወስደን ለካናቸው። ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ መከርከም አላስፈለጋቸውም። ጋሼ መከርከሚያውን በእጃቸው ይዘው ትንሽ ግራ ገባቸው።

አሁን ምድር ቤቱ መደርደሪያ ላይ 4 የቡና ጣሳ አለ። በማርከር ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬ ተብሎ ተጽፎባቸዋል። አንዴ የተተኮሰ ፩ ውስጥ፣ ሁለቴ የተተኮሰ ፪ ውስጥ እያለ ይሄዳል። ተኩስ ሜዳው ላይ አጠገባቸው የሚቀመጡ ሰውዬ ጣሳውን አይተው ምን ቋንቋ እንደሆነ ጠየቁ። ጋሼ ከራስ መኮንን ፈረስ ጀምረው አስረዷቸው።

፭ የሚል ጣሳ የለም። ባለፈው ሳምንት ፬ ቁጥሩ ሞላ። ጋሼ አንዷን አነሱ፣ ሽቦውን አስገብተው ዳሰሱ፣ ምንም አላገኙም፣ ዓይኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ቀለሃዋን ጣሳው ውስጥ መልሰው ብረታ ብረት ገዢው ጋ ልንሄድ መኪናው ውስጥ ጫኑት።